ከባሕሩ ማዶ ያለው ደጋ፦ ሦስት ቀን በአብሃ

በሐምሌ ወር የጅዳ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋና የባሕሩ ወበቅ በሌሊት ሳይቀር እንቅልፍ ሲነሳ፣ ከአገሩ ሳይወጡ ጋቢ የሚያስደርብ ከተማ አለ ቢባል ብዙዎች አያምኑም። በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰራዋት ተራሮች አናት ላይ የተቆረቆረችው አብሃ ግን እንዲህ ያለች ከተማ ናት። የዐሲር ክልል መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። በዓረቡ አገር በጋ በሚባለው ወቅት የቀኑ ሙቀት በ30 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ሲመሽ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ደመና ይሰበሰባል፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ዝናብም ይጥላል።

የመንግሥቱ ዜጎችና የባሕረ ሰላጤው ጎብኚዎች በየዓመቱ ወደ አብሃ የሚጎርፉት ይህን ቅዝቃዜ ፍለጋ ነው። በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ግን ጉዞው ከዚህ የሰፋ ትርጉም አለው። ያለ አውሮፕላን ትኬትና ያለ ረጅም ፈቃድ ሊደረስበት የማይችለውን የአገር ቤት ደጋ የሚመስል ምድር፣ ከነዛፉና ከነጉሙ፣ ከነገደሉና ከነእርከኑ፣ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ ማግኘት ይቻላል። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው እዚሁ ላደጉባቸው ወላጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ከጅዳ ተነስቶ አብሃን ለሦስት ቀናት የጎበኘ አንድ የወሎ ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አባትየው በመኪና መለዋወጫ መደብር ይሠራል፤ እናትየው በቤቷ ልብስ ትሰፋለች። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። አምስተኛዋ ተጓዥ የአባትየው እናት ነበሩ። አያቲቱ ዑምራ ለማድረግ ከደቡብ ወሎ ደጋ መጥተው፣ ዑምራቸውን ከፈጸሙ በኋላ በልጃቸው ቤት ተቀምጠዋል። ከ2022 ወዲህ የዑምራ ቪዛ የያዘ ሰው እስከ 90 ቀን ድረስ ቆይቶ ወደ ፈለገው የመንግሥቱ ክፍል መጓዝ ስለሚችል፣ ወደ ደቡብ ለመውጣት የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም።

በጅዳው ቤት ግን አንድ ያልተነገረ ጭንቀት ነበር። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ሲመልሱ በዓረብኛ ነው። አያትና የልጅ ልጆች ከሰላምታ፣ ከምግብና ከሶላት ያለፈ የሚነጋገሩበት ጉዳይ አጡ። አያቲቱ ስለ እርሻቸው፣ ስለ ጓሯቸው፣ ስለ ወንዙ ሲያወሩ ልጆቹ በጨዋነት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሚሰሙት ቃል ግን በዓይናቸው ካዩት ነገር ጋር አይያያዝላቸውም። መስኮቱ ቀንና ሌሊት ዝግ ነው፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ ወሬውን ይሸፍነዋል። ከ90ው ቀን ከግማሽ በላይ የሄደው በዚህ ሁኔታ ነበር። ወላጆቹ ከእረፍታቸው ሦስቱን ቀን ለአብሃ የመደቡትም ይህን አይተው ነው።

ከቆላ ወደ ደጋ

ከጅዳ ወደ አብሃ ሁለት ዋና የመኪና መንገዶች አሉ። አንደኛው በጣኢፍና በባሃ በኩል የተራሮቹን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው በቀይ ባሕር ዳርቻ በሊስና በቁንፉዛ አልፎ ወደ ሙሓይል ዐሲር ይታጠፍና ተራራውን ፊት ለፊት ይወጣል። ርቀቱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለምግብና ለሶላት እየቆሙ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉዞ መሆኑን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። መንዳት የማይፈልግ ሰው በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ በረራ አብሃ ይደርሳል። ነገር ግን ቤተሰቡ ያገኘውን ትምህርት የሚሰጠው በምድር የሚሄደው መንገድ ነው።

ቤተሰቡ ፈጅርን ሰግዶ በባሕር ዳርቻው መንገድ ተጓዘ። ቲሃማ ተብሎ የሚጠራው የዳርቻው ሜዳ አሸዋና ግራር የሞላበት ሞቃት ምድር ነው። ዙህርና ዐስርን በመንገድ ዳር መስጊድ አሳጥረውና አጣምረው ከሰገዱ በኋላ ከሙሓይል ወደ አብሃ የሚወስደውን ዐቀባ ሸዓርን መውጣት ጀመሩ። መንገዱ በተራራው ጎን እየተጠማዘዘ፣ በዋሻና በድልድይ እያለፈ ወደ ላይ ይሄዳል። ልጁ በመኪናው መስተዋት ሥር የሚታየውን የሙቀት ቁጥር እየተከታተለ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ ቁጥሩ በየተጠማዘዘው መንገድ ይወርዳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፣ ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል።

አያቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርገው የተናገሩት እዚህ ላይ ነው። ከታች የቀረው ቆላ መሆኑን፣ አሁን የገቡበት ወይና ደጋ እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ ደግሞ ደጋ እንደሚመጣ ለልጆቹ ነገሯቸው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚሉት ቃላት በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ የአየር ጠባይ መለያ ብቻ አይደሉም፤ ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚረባና ምን እንደሚለበስ የሚወስኑ ናቸው። ልጅቷ እነዚህን ቃላት በአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ አንብባቸው ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስቱንም በመስኮት ስታያቸው ግን ቃላቱ ቦታቸውን አገኙ።

መንገዱ ራሱም አንድ የቋንቋ ትምህርት ነበረው። በተራሮቹ ላይ የሚወጡና የሚወርዱ መንገዶች በዓረብኛ «ዐቀባ» ይባላሉ፤ ምልክት ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይታያል። አማርኛው «ዐቀበት» ይለዋል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ዓረብኛ አቀላጥፎ ለሚናገረው ልጅም የአያቱ ቋንቋ ከሚያውቀው ቋንቋ ጋር ዝምድና እንዳለው የተገለጠለት በዚህ ሰሌዳ ነው።

የማክሰኞ ገበያ

በማግሥቱ ማክሰኞ ነበረ፤ በአብሃ ደግሞ ከሁሉ የሚታወቀው ገበያ በዚሁ ቀን የሚጠራው የማክሰኞ ገበያ ነው። ገበያን በቀን ስም መጥራት የዐሲር ሰዎች የቆየ ልማድ ነው። ከአብሃ አጠገብ ያለችው ትልቋ ከተማ ኸሚስ ሙሸይጥ ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያ ነው፤ «ኸሚስ» ሐሙስ ማለት ነውና። በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ሐሙሲት የምትባል ከተማ እንዳለች የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በገበያው የዐሲር ቤት ዕቃ፣ ከዘንባባ የተሠራ ስፌት፣ ቅቤ፣ ቅመምና ማር ይሸጣል። ዐሲር በማር የታወቀ አገር ነው፤ ከሁሉ የሚወደደው ንቦቹ ከሲድር አበባ የቀሰሙት ማር ነው። ሲድር የሚባለው እሾኻም ዛፍ በኢትዮጵያ ቁርቁራ የሚባለው ነው። በመንገድ ዳር ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ዐረቦች በርሹሚ የሚሉት በለስ በሣጥን ተደርድሮ ይሸጣል፤ የሰሜን ኢትዮጵያ ልጆችም በለስ የሚለቅሙት በክረምቱ ወራት ነው።

አያቲቱን ያስቆማቸው ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። የቅጠልና የአበባ እስር ከያዘች አንዲት ሻጭ ፊት ደርሰው አንዱን እስር አንስተው አሸተቱና ለልጆቹ አፍንጫ አቀረቡት። ጤና አዳም ነበር። የዐሲር ሰዎች ሸዛብ ይሉታል፤ ከበሶብላ፣ ማለትም ከሪሐን፣ እና ከሌሎች አበቦች ጋር ተጎንጉኖ በወንዶችም በሴቶችም ራስ ላይ የሚደረገው የአበባ ጉንጉን አንዱ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ በጓሮ የማይጠፋው፣ ለሆድ ቁርጠት የሚታሰበውና በቡና ስኒ ውስጥ የሚነከረው ይህ ቅጠል በጅዳው ቤት በስም ብቻ ይነሣ ነበር። ሻጯ ዓረብኛ፣ አያቲቱ አማርኛ እየተናገሩ ስለ ቅጠሉ ጥቅም ተወያዩ፤ በመካከላቸው ቆማ የምታስተረጉመው የ13 ዓመቷ ልጅ ነበረች። ሁለቱም ሴቶች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር መሆኑንና አያቷ ከሻጯ ያላነሰ ዕውቀት እንዳላቸው ያየችው በዚያ ጊዜ ነው።

ከተማዋ ሌላም የምታሳየው አላት። በድሮዎቹ የዐሲር የጭቃ ቤቶች ግድግዳ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ወጣ ወጣ ብለው ተሰክተው ይታያሉ። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ዝናቡ ጭቃውን አጥቦ እንዳይወስደው ውኃውን ከግድግዳው አርቆ የሚጥል ብልሃት ነው። ዝናብ በማይታወቅበት አገር እንዲህ ያለ ቤት አይሠራምና፣ የአገሩን አየር ጠባይ ከግድግዳው ማንበብ ይቻላል። በሙፍታሓ የጥበብ መንደር ሥዕሎችን መጎብኘት፣ ሲመሽም በአረንጓዴ መብራት ወደ ሚያበራው አረንጓዴ ተራራ ወጥቶ ከተማዋን ከላይ ማየት ከልጆች ጋር ለተጓዘ ሰው አድካሚ ያልሆነ መዝናኛ ነው።

በጥድ ጥላ ሥር

ሁለተኛው ቀን ለሱዳህ ተራራ ተሰጠ። ሱዳህ ከአብሃ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስድ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አካባቢ ነው። ገደሉ ወደ ቲሃማ ቆላ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጉሙ ከዚያ እየተነሳ ወደ ላይ ሲመጣ ዛፎቹን አንድ በአንድ ይሸፍናቸዋል። ተራራውን የሸፈነው ዛፍ በዓረብኛ ዐርዐር ይባላል። በኢትዮጵያ ደጋ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየመቃብሩና በየጫካው የሚገኘው የሐበሻ ጥድ ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉ ዛፎች ሳይሆኑ አንድ ዓይነት ዛፍ ናቸው፤ ይህ የጥድ ዘር ከምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ጀምሮ እስከ ደቡብ ምዕራብ ዓረቢያ ድረስ ይበቅላል።

አያቲቱ ከመኪናው እንደ ወረዱ ወደ አንዱ ጥድ ሄደው ግንዱን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ቅርፊቱን ልጠው ሽታውን ለልጆቹ አሳዩ። ለምሰሶና ለማገር እንዴት እንደሚመረጥ፣ ምስጥ ለምን እንደማይደፍረው፣ ሲነድ ጭሱ እንዴት እንደሚሸት አስረዱ። ልጁ በመጀመሪያ የጠየቀው ዛፉን ማን ከኢትዮጵያ አምጥቶ እንደተከለው ነበር። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም።

የዐሲር ተራሮችና የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በጥንት ዘመን ሳይለያዩ አንድ ምድር ነበሩ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዓረቢያና የአፍሪካ ምድር መነጣጠል ጀመረ፤ በስንጥቁ ውስጥም ቀይ ባሕር ተፈጠረ። የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ከፍ ከፍ ብለው ቀሩ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው የዐሲር ገደል፣ በምዕራብ በኩል ያለው ደግሞ ከአፋር ቆላ ወደ ወሎና ትግራይ የሚወጣው ገደል ነው። ምድሩ ዛሬም በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተራራቀ ነው። ስለዚህ ከወሎ ደጋ ወደ ቆላ ቁልቁል የሚመለከት ሰውና ከሱዳህ ወደ ቲሃማ የሚመለከት ሰው ጀርባቸውን ለደጋው ሰጥተው በአንድ ባሕር ማዶ ለማዶ ፊት ለፊት ይተያያሉ ማለት ይቻላል።

ዝንጀሮውም የዚሁ ዝምድና ምስክር ነው። በሱዳህ መንገድ ዳር በመንጋ የሚታየው፣ ወንዱ ግራጫ ጎፈር ያለው ዝንጀሮ በኢትዮጵያ በአዋሽ አካባቢ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። አያቲቱ ይህ በአገራቸው ደጋ ሣር የሚግጠው ጭላዳ እንዳልሆነ ወዲያው ለይተው ተናገሩ። ልጆቹ ሙዝ ሊወረውሩ ሲሉም ከለከሏቸው፤ ሰው ያበላው ዝንጀሮ ማሳ እንደሚያጠፋ ከራሳቸው እርሻ ያውቃሉና። የመንግሥቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣናትም ዝንጀሮዎችን መመገብን የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምግብ የለመደ መንጋ ዱሩን ትቶ ወደ መኖሪያ ቤትና ወደ መንገድ ይወጣል። በተራሮቹ ላይ ትዕግሥት ላለው ሰው ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው፣ የቁራ ዘመድ የሆነ፣ በዓለም ላይ በዐሲር ተራሮች ብቻ የሚገኝ ወፍም አለ፤ ቁጥሩ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ማየት ዕድል ይጠይቃል።

ደስታው ያለ ሥጋት አልነበረም። አያቲቱ ከጥዶቹ አንዳንዶቹ ከጫፋቸው እየደረቁ መምጣታቸውን አስተውለዋል፤ ይህ በዐሲር ጫካዎች ከታወቀ ብዙ ዓመታት ያለፉት ችግር ነው። ጥድ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ የጠፋውን መተካት የሰው ዕድሜ ይፈጃል። በጫካው ውስጥ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት ማንደድና ቅርንጫፍ መስበር መከልከሉም ስለዚህ ነው። ቤተሰቡ ቡናውን ያፈላው ለሽርሽር በተዘጋጀው ስፍራ፣ በትንሽ ቡታጋዝ ላይ ነበር፤ ከገበያ የተገዛውም ጤና አዳም በስኒው ውስጥ ገባ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ልጆቹ ለመሸሽ አልቸኮሉም። አያቲቱ በሣሩ ላይ የቀረውን ጠብታ ጠል ሲሉት ልጅቷ በዓረብኛም «ጠል» እንደሚባል ነገረቻቸው። በዚያ ቀን አያቲቱ ከልጅ ልጃቸው የተማሩት ቃል ይህ ነበር።

ሪጃል አልመዕ

በሦስተኛው ቀን የመመለሻው መንገድ በሪጃል አልመዕ በኩል ተመረጠ። መንደሩ ከአብሃ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከገደሉ ሥር ይገኛል፤ ከዚያ ወደ ቲሃማና ወደ ባሕር ዳርቻው መንገድ መቀጠል ይቻላል። ከሱዳህ ወደ መንደሩ የሚያወርደው ዐቀባ ቁልቁለቱ ብርቱ፣ መጠማዘዣው ጠባብ ነው። አባትየው በአነስተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ሳያግል በዝግታ ወረደ።

ሪጃል አልመዕ ከየመንና ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ መካና ወደ ሰሜን በሚሄዱ ነጋዴዎች መንገድ ላይ የነበረ የንግድ መንደር ነው። ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩት ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶቹ በገደሉ ጎን ተደራርበው ሲታዩ እንደ ምሽግ ናቸው፤ በመስኮቶቹ ዙሪያ የተሰኩት ነጫጭ ድንጋዮች ከሩቅ ያበራሉ። የአካባቢው ሰዎች የየቤታቸውን ቅርስ አዋጥተው በአንዱ ትልቅ ቤት ውስጥ ሙዚየም አቋቁመዋል። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሪጃል አልመዕ ነው።

ልጅቷን ከሁሉ የማረካት በቤቶቹ ውስጥ ያለው የግድግዳ ሥዕል ነው። አል-ቀጥ አል-ዐሲሪ ይባላል። የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ በነጭ ኖራ ከተለሰነ በኋላ የቤቱ እመቤት ዘመዶቿንና ጎረቤቶቿን ጠርታ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በጥቁር ቀለም መስመሮችን፣ ሦስት ማዕዘኖችንና ካሬዎችን ይሥላሉ። ሥራው የሴቶች ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ አብሮ በመሥራት ይተላለፋል። ዩኔስኮ በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የሐረርን ቤቶች ያየ ሰው በዚያም ግድግዳውን በስፌት ያስጌጡት ሴቶች መሆናቸውን ያስታውሳል። አያቲቱ በበኩላቸው የመሶባቸውን ጥለት በጣታቸው በአየር ላይ እየሣሉ ለልጅቷ አሳዩ፤ ልጅቷም በስልኳ ላይ ሣለችው።

ምሳው ሐኒዝ የሚባለው በምድር ውስጥ ምድጃ ቀስ ብሎ የበሰለ ሥጋ ነበር። ዐሲዳም አለ፤ መካከሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና ማር የሚፈስበት ይህ ምግብ ገንፎ ለሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቡናው በስሱ ተቆልቶ በሄል የፈላ ነው። በዐሲር ደቡባዊ ክፍልና በጂዛን ተራሮች ኸውላኒ የሚባል ቡና ይበቅላል፤ የአመራረቱ ዕውቀት በ2022 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የቡናው ተክል የመጀመሪያ አገር ግን የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካ መሆኑን አባትየው ለልጆቹ መንገር አልዘነጋም።

ጊዜ ያልበቃው ሐበላን ለማየት ነው። ከአብሃ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በገደል ወገብ ላይ የተሠራው ይህ የቀድሞ መንደር ስሙን ያገኘው ነዋሪዎቹ ለመውጣትና ለመውረድ ይጠቀሙበት ከነበረው ገመድ ነው። በዓረብኛ «ሐብል» ገመድ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ የአንገት ጌጥ ሆኗል።

ለሚጓዙ ቤተሰቦች

ተመሳሳይ ጉዞ ለማድረግ የሚያስቡ ሰዎች ጥቂት ነገሮችን ቢያስቡ ይጠቀማሉ። በበጋው ወራትና በዒድ ሰሞን አብሃ በእንግዳ ስለምትሞላ ማረፊያ ቀደም ብሎ መያዝ ይገባል፤ ለቤተሰብ በሆቴል ፋንታ ዕቃ የተሟላለት ሹቃ መከራየት ይሻላል። የሁሉም ሰው ኢቃማ፣ ፓስፖርትና ቪዛ በእጅ መሆን አለበት። በሱዳህ አካባቢ ሰፊ የልማት ሥራ እየተካሄደ ስለሆነ፣ የትኛው መንገድ፣ የትኛው መናፈሻና የትኛው የገመድ መኪና ክፍት እንደሆነ ከመነሳት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጉም ሲወርድ ፍጥነት መቀነስ፣ ካልታየም ከመንገዱ ወጥቶ መቆም ከአደጋ ያድናል። ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ በወንዝ መውረጃ፣ ማለትም በዋዲ ውስጥ፣ መኪና ማቆምም ሆነ መቀመጥ አይገባም፤ ላይ የዘነበው ዝናብ በታች ፀሐይ እያለ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላልና የሲቪል መከላከያን ማስጠንቀቂያ መከታተል ይገባል። ከባሕር ዳር በአንድ ቀን ወደ ከፍታ የወጡ አረጋውያን፣ በተለይም የልብና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው፣ በመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ቢያደርጉና መድኃኒታቸውን በእጃቸው ቢይዙ መልካም ነው። የሙቅ ልብስ ጉዳይ በሐምሌም ቢሆን የሚዘነጋ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን አብሮ የሚሄደው ሰው ጉዞውን ይወስነዋል። ልጆች ብቻቸውን ወደ ሱዳህ ቢሄዱ የሚያዩት የሚያምር ተራራ፣ ዝንጀሮና ጉም ነው። ከእነዚህ ተራሮች ጋር የሚመሳሰል አገር ላይ ያረሰ፣ የከበተ፣ ቤት የሠራ ሰው አብሯቸው ሲሆን ግን ጥዱ ስም፣ ስሙም ታሪክ ያገኛል። አማርኛን በውጭ አገር ለልጆች ማስተማር የሚከብደው ቃላቱ የሚጠቅሱት ነገር በዙሪያቸው ስለሌለ ነው። በአብሃ ያ ነገር ቆሞ ይታያል፤ ይዳሰሳል፤ ይሸተታል። ስሙን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይጎድላል።

ከጉዞው በኋላ በዚያ ቤተሰብ ቤት ቋንቋው በአንድ ጊዜ አልተለወጠም፤ ልጆቹ ዛሬም በዓረብኛ ይመልሳሉ። ነገር ግን አሁን የሚጠይቁት ጥያቄ አላቸው፦ ጭላዳ የት ይኖራል፣ የአያታቸው ቤት ማገር ከምን እንጨት ነው፣ ከደጃቸው ቆላው ይታያል ወይ። በዚህ ዓመት እናቱ ወይም አባቱ ለዑምራ የሚመጡለት ቤተሰብ ከመካና ከመዲና ቀጥሎ ከቀናቱ ሦስቱን ለደቡብ ቢያስቀር አይጸጸትም። የዐሲር ተራራ በሚቀጥለውም ዓመት በቦታው አለ፤ የአረጋውያኑ ቪዛ ግን 90 ቀን ብቻ ነው።